ባለጎማው ቤትና የሙሽራ መኪና

አንድ ባለጎማ ቤት ያላት ሴት ነበረች። ስሟ ውድነሽ ነው። ቤቱን መንገድ ሠራተኞቹ ካራቫን ይሉት ነበር፤ የሰፈሩ ሰው ግን ለምላሱ ስላልተመቸው «ባለጎማው ቤት» ብሎት ቀረ። በር አለው፣ መስኮት አለው፣ ውስጡ አልጋ ከነቁም ሳጥኑ ተገጥሞለታል፤ እንደ ሌላው ቤት መሠረት ግን የለውም። ጎማ ላይ ቁጭ ያለ፣ ከፊቱ መንጠቆ ያለው፣ የሚጎትተው ካገኘ የሚሄድ፣ ካላገኘ ባለበት የሚኖር ቤት ነው።

ውድነሽ ይህን ቤት ያገኘችው በእጇ ሙያ ነው። መንገዱ ሲሠራ ካምፑ ውስጥ ለሠራተኛው ምግብ ታበስል ነበር። ሥራው አልቆ ሁሉም ጓዙን ሲጠቀልል፣ አለቃው ጠርቶ «ውድነሽ፣ ይህን ሁሉ ዘመን ከእጅሽ በልተናል፤ ይህን ቤት ላንቺ ትተነዋል» አላትና ቁልፉን ሰጣት። ከዚያ ወዲህ መተኛዋም መሥሪያዋም እሱ ሆነ። ጠዋት መስኮቱን ከፍታ ሻይና ፍርፍር ትሸጣለች፤ ማታ ዘግታ ትተኛለች። ደግሞ የእሷ ምስጋና! ስትከፍት «ተመስገን»፣ ስትዘጋ «ተመስገን»፣ ዝናብ ሲዘንብ «ጣሪያዬ አያፈስም፣ ተመስገን»። ጎረቤቶቿ «ይቺ ሴትዮ ለእግዜር እንኳ ፋታ አትሰጠውም» እያሉ ይስቁባት ነበር።

ታዲያ ከዕለታት አንድ ቀን ካምፑ የነበረበት ሜዳ ላይ ትምህርት ቤት ሊሠራ ነው ተባለ። ክፉ ነገር አይደለም፤ የሰፈሩ ልጆች የሚማሩት ወንዝ ተሻግረው ነው። ቀበሌውም ቢሆን ውድነሽን አልበደላትም፤ ከአዲሱ ገበያ አጠገብ ደህና ቦታ ሰጥቷታል። ነገር ግን በሳምንቱ ሰኞ ሜዳውን የሚጠርግ ዶዘር ይገባል። ዶዘር ደግሞ ይሄ ቤት ነው፣ ይሄ ቁጥቋጦ ነው ብሎ አይለይም። እስከ ሰኞ ካልተነሣ ባለጎማው ቤት ቆርቆሮ ሆኖ ይቀራል፤ ውድነሽም መኝታዋንና እንጀራዋን ባንድ ጠዋት ታጣለች። ኑሮዋ በአንድ ጥያቄ ላይ ተንጠለጠለ፦ ቤቱን ማን ይጎትተዋል?

ጥያቄው እሁድ በእድሩ ስብሰባ ላይ ተነሣ። በሰፈሩ ጭነት የሚችል መኪና ያላቸው ጋሽ ኑርዬ ናቸው። አይሱዙያቸው አርጅታለች፤ ጠዋት ስትነሣ ሰፈሩን በሙሉ በጭሷ ታስለዋለች፤ ግን እህል ቢሏት ድንጋይ ቢሏት አሻፈረኝ ብላ አታውቅም። ጋሽ ኑርዬ ሊናገሩ ጉሮሯቸውን መጥረግ ጀመሩ። እሳቸው ጉሮሯቸውን ጠርገው እስኪጨርሱ ደግሞ ሰው አንድ ብርጭቆ ሻይ ያጋምሳል። ያንን እየጠረጉ ሳለ መኩሪያ ከኋላ ብድግ አለ።

መኩሪያ ማለት ያ ጣሪያው እንደ ጃንጥላ የሚታጠፍ ቀይ መኪና ያለው ልጅ ነው። መኪናውን ለሙሽራ ያከራየዋል። አበባና ሪባን ተለጥፎበት፣ ሙሽሮቹን ከላይ ፀሐይ እየሞቃቸው፣ ጥሩምባውን እያስጮኸ ከተማውን ሲዞር ያላየ የለም። ከመኪናው በፊት ግን መኩሪያ የቀን ሠራተኛ ነበር። ታይፎይድ ይዞት ማደሪያ ባጣ ጊዜ ውድነሽ ናት በባለጎማው ቤት አስተኝታ፣ አጥሚት እያጠጣች፣ ከሞት አፍ የመለሰችው። እሷ ረስታዋለች። እሱ አልረሳም።

«ማንም እንዳይነካብኝ!» አለ። «የእትዬ ውድነሽን ቤት የምጎትተው እኔ ነኝ። ያ ቤት ታምሜ ያስጠጋኝ ቤት ነው። በሞተች እናቴ ይሁንብኝ፣ በገዛ መኪናዬ ነው የምወስደው!»

ስብሰባው አጨበጨበ። ሽማግሎቹ «ተባረክ፣ ውለታ አዋቂ!» አሉት። ውድነሽ በነጠላዋ ጫፍ እንባዋን ጠረገች። ጋሽ ኑርዬም የጠረጉትን ጉሮሮ ይዘው ቁጭ አሉ።

ነገሩ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው። በዚያ ሰፈር ወግ፣ ሰው በእናቱ ምሎ ያነሣውን ሸክም ሌላ ሰው አይቀበለውም። ልርዳህ ማለት «አትችልም» ማለት ነው፤ «አትችልም» ማለት ደግሞ መስደብ ነው። ስለዚህ ሁሉም የልቡን በልቡ አድርጎ ወደ ቤቱ ሄደ።

በማግስቱ ቦኖ ውሃው ጋ ወሬው ደራ።

«ስሚ እንጂ፣ ያ መኪና ቤት ይጎትታል?»

«ሙሽራ መሸከም የለመደ ምን ይከብደዋል!»

«ሙሽራ እኮ ከነቬሏ ብትመዘን ኩንታል አትሞላም።»

«ያለፈው ሳምንቷን አላየሻትም ማለት ነው።»

ጀሪካናቸው ሞልቶ እስኪፈስ ሳቁ። ለመኩሪያ ግን አንዳቸውም አልነገሩትም። ፊት ለፊት ሲያገኙት «ጎበዝ! እንዳንተ ያለ ይውለድልን!» ይሉታል፤ ዞር ሲል አፋቸውን በነጠላ ይሸፍናሉ።

ውድነሽም ብትሆን ዓይን አላት። ያንን መኪና በመስኮቷ ስታየው ነው የኖረችው። ሙሽራና ሚዜ ሲጫንበት እንኳ ሆዱ የመንገዱን ጉብታ እየላሰ ነው የሚያልፈው። ልቧ አላርፍ ሲላት ወደ ጋሽ ኑርዬ ሄደች። አይሱዙዋን እያጠቡ ነበር።

«ኑርዬ፣ እስቲ አላህን ፈርተህ ንገረኝ። የልጁ መኪና ቤቴን ይችለዋል?»

ጋሽ ኑርዬ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ጨርቁን ጨመቁ። ባልዲውን አዩት።

«ቆንጆ መኪና ነው» አሉ።

«ቁንጅናውን አልጠየቅሁህም።»

«ቀለሙም ጥሩ ነው።»

«ኑርዬ!»

«ኧረ ውድዬ፣ ተይኝ! ልጁ በእናቱ ምሏል። እኔ በሰው መሐላ መሃል ምን ብዬ ነው የምገባው? ነገ ‹ቀናብኝ› ቢለኝስ?»

ውድነሽ መልሷን አገኘች። የመኪና ነገር የሚያውቅ ሰው ስለ ጉልበት ተጠይቆ ቀለም ካመሰገነ፣ አይችልም ማለት ነው።

አግኝታም ግን ለመኩሪያ አልነገረችውም። እንዴት ብላ ትንገረው? ልጁ ከዚያ ቀን ጀምሮ በመስኮቷ ባለፈ ቁጥር «እትዬ፣ ቅዳሜ እኮ ነው! ዕቃሽን እሰሪ!» እያለ እንደ ሕፃን ይፈነድቃል። ለምስጋና የመጣን ሰው መመለስ ያጎረሰህ ሰው እያየ ጉርሻውን መትፋት ነው። ስለዚህ ዝም ብላ ብርጭቆዎቿን በጨርቅ ጠቀለለች፣ ጉልቻዋን ከምድጃዋ አንሥታ በር ላይ አስቀመጠች፣ «አንተ ታውቃለህ» ብላ ነገሩን ለፈጣሪ ሰጠችው። ፈጣሪ ግን አንዳንዴ የሰጡትን መልሶ ይሰጣል።

ቅዳሜ ጠዋት መኩሪያ መጣ። መኪናውን አጥቦ፣ አብለጭልጮ፣ ጣሪያውን አጥፎ፣ ካለፈው ሰርግ የቀረውን ሪባን እንኳ ሳይፈታ። ሰፈርተኛው ወጥቶ ቆሟል። ጋሽ ኑርዬም ከወዲያ ማዶ የራሳቸውን ጎማ የሚመረምሩ መስለው በዓይናቸው ጠርዝ ያያሉ።

ቤቱ ከፊቱ መንጠቆ አለው። ቀዩ መኪና ግን ከኋላው የሚያያዝበት ነገር የለውም፤ የሠራው ሰው አንድ ቀን ቤት ይጎትታል ብሎ መች አሰበና! መኩሪያ ወፍራም ገመድ አምጥቶ መኪናው ሥር ካገኘው ብረት ጋር አሰረው። አማተበና ገብቶ ሞተሩን አስነሣ።

መኪናው አጓራ። ጎማው አፈሩን እየቆፈረ ወደ ኋላ በተነው፤ የሴቶቹ ነጠላ ሁሉ አቧራ ለበሰ። ከዚያ ቤቱ ነቅነቅ አለ። አሁንም ነቅነቅ አለ። ተነሣ! «እልልልል!» ተባለ። ውድነሽም እልል አለች፤ ለአፍታ ያህል ስትፈራ የሰነበተችው ሁሉ ከንቱ መስሎ ታያት። ሜዳው ደልዳላ እስከሆነ ድረስ ቤቱ እየተወዛወዘ ተከተለ። የካምፑ በር ጋ ግን ዳገት አለች፤ አህያ ከነጭነቷ ሳትቆም የምትወጣት ትንሽ ዳገት። እዚያች ላይ ሲደርስ መኪናው አቃሰተና ቀጥ አለ። ጎማው ይዞራል፣ መኪናው አይሄድም። ከዚያ ቤቱ ቀስ ብሎ ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመረ። መኪናውም ከነባለቤቱ ተከተለው።

መኪና ቤት ሲጎትት ሊያይ የወጣው ሕዝብ፣ ቤት መኪና ሲጎትት አየ።

ከኋላ ያለው ቦይ ነው፤ የክረምት ጎርፍ የቦረቦረው፣ ሰው ቢገባበት የማይታይ። «ድንጋይ! ድንጋይ ደግፉ!» እያለች ውድነሽ ጮኸች፤ እሷው ቀድማ ጉልቻዋን አንሥታ ጎማው ሥር ወሸቀች። ወንዱም ሴቱም ያገኘውን ድንጋይ ይዞ ተረባረበ። ቤቱ ከቦዩ አፍ ላይ ሲደርስ ዘመም ብሎ ቆመ። ውስጥ በጨርቅ የተጠቀለለው ብርጭቆ ሲንኮታኮት ውጭ ድረስ ተሰማ።

መኩሪያ ሊወርድ በሩን ቢገፋው በሩ እምቢ አለ። ጣሪያ ያለው መኪና ላዩ ታችኛውን ይይዝለታል፤ ይሄኛው ከላይ ክፍት ነውና ሲወጠር ወገቡ ጎበጠ፣ በሩም ከማቀፊያው ጋር ተጣበቀ። በግራ ቢሞክር፣ በቀኝ ቢሞክር አልሆነም። በመጨረሻ በአጥር እንደሚዘል ሌባ ከላይ ዘሎ ወረደ።

«ጣሪያ የሌለው መኪና ለዚህ ለዚህ ጥሩ ነው!» አለች አንዷ፤ ሰዉ ሳቀ።

መኩሪያ አልሳቀም። «ገመዱ ነው» አለ፤ ላብ በግንባሩ ይወርዳል። «ገመዱ ነው እንጂ መኪናው አላነሰውም። ነገ ሰንሰለት አምጥቼ እጎትተዋለሁ።»

«አዎ፣ ገመዱ ነው» አሉ ሽማግሎቹ።

«ገመዱ ነው» አሉ ሴቶቹም።

ገመዱ እኮ እዚያው ተወጥሮ፣ አንዲት ክር ሳትበጠስበት፣ በሁሉም ፊት ነበር። ማንም ያላመነበትን ሁሉም ተናገረና ተበተነ።

መኩሪያ ብቻውን ቀረ። በሩን በጉልበቱ ይገፋል፣ በትከሻው ይገፋል፣ በእጁ እየዳበሰ ያየዋል። ውድነሽ በመስኮቷ ታየዋለች። ስታየው አንድ ነገር ገባት። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ያሰበችው ስለ ቤቷና ስለ ልጁ ስሜት ብቻ ነበር። አሁን ግን ያ መኪና የእሱ ባለጎማ ቤት መሆኑ ታያት፤ እሷ በዚህ መስኮት እንደምትበላ እሱም በዚያ በር ነው የሚበላው። ነገ በሰንሰለት ከጎተተ የመኪናው ወገብ ይቆረጣል። በሚቀጥለው ሳምንት የምትመጣዋ ሙሽራ ቬሏን ሰብስባ በላይ ዘላ ልትገባ ነው? «እንዳላስቀይመው ብዬ ዝም አልኩ» አለች በልቧ። «ዝምታዬ ሁለት ቤት ሊያፈርስ ነው።»

ከብርጭቆዎቿ የተረፈውን አንዱን ፈልጋ ሻይ ቀዳችና ወጣች። ለሱ ሰጥታው እሷ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠች።

«መኩሪያ፣ ልጄ።»

«አቤት፣ እትዬ።»

«መኪናህ ቤቴን አይችለውም።»

ሻዩን ወደ አፉ እያስጠጋ ነበር፤ እዚያው ቆመ። «ገመዱ እኮ...»

«ገመዱን ተወው፣ ምስኪን! የታዘዘውን ሠርቷል፤ አልተበጠሰም።»

«አንቺም እንዲህ ትዪኝ?» አለ። «እትዬ፣ ያኔ እዚህ ቤት ውስጥ ሲያንቀጠቅጠኝ፣ የገዛ እናቴ እንኳ በሕይወት ሳትኖር፣ ያደረግሽልኝን በምን ልመልሰው? ያለኝ ይሄው መኪና ነው። ምያለሁ ደግሞ። ሰዉስ ምን ይለኛል?»

«የማልኸው ለኔ ነው ለሰዉ?»

«ላንቺ ነዋ!»

«እንግዲያው ሰዉን ከመሃላችን አስወጣው። ለኔ የማልኸውን እኔ ትቼልሃለሁ። እናትህም፣ ነፍሷን ይማርና፣ ‹ልጄ በኔ ስም እንጀራውን ይስበር› አትልም።»

 ውድነሽ ቀጠለችና ጠየቀችው።

«ያኔ ስትታመም ምን ነበር የማጠጣህ?»

«አጥሚት።»

«ቁርጥ ሥጋ ባበላህ ኖሮስ?»

«ይገድለኝ ነበራ!»

«ቁርጥ ግን ከአጥሚት ይከበራል። ለእንግዳ የሚቀርበው እሱ ነው፤ ጎረቤትም ቢያይ ‹ምን ያለች ቸር ናት› ይለኝ ነበር። እኔ የሚያስከብረኝን አይደለም የሰጠሁህ፤ የሚያድንህን ነው። አንተም እንደዚያ ስጠኝ።»

መኩሪያ አንገቱን ደፋ። ሻዩ ላይ እንባው ጠብ አለ፤ ስኳር ያነሰው መስሎ ጠጣው።

«እሺ። ምን ልስጥሽ?»

«መጀመሪያ ሄደህ ኑርዬን ለምነው። እኔ አልለምነውም፤ አንተ። እኔ ከለመንኩት ሰዉ ‹መኩሪያን ከለከለችው› ይላል፤ አንተ ከለመንከው ‹መኩሪያ አመጣላት› ይላል። ቀጥሎ ደግሞ፣ ቤቴ ሲሄድ አንተና መኪናህ ከኋላው ሁኑልኝ። ኑርዬ ከፊት ሆኖ የቤቴን ጎማ አያይም። ጋቢና ከገባሁ እኔም አላይም። ያንተ መኪና ላይ ግን ቆሜ ልሄድ እችላለሁ፤ በዚህ ከተማ ቆሞ የሚኬድበት ያንተ ብቻ ነው። ትንሽ ወደ ግራ ወጣ ብለህ ትነዳልኛለህ፤ እኔ ነጠላዬን አውለበልባለሁ፤ ኑርዬ በስፖኪዮው ያየኛል።»

መኩሪያ ቀና ብሎ አያት። እያጽናናችው እንዳልሆነ፣ የምሯን እንደሆነ ከፊቷ ፈለገ። የምሯን ነበር።

ሄደ። የጋሽ ኑርዬ በር ሩቅ አይደለም፤ እሱ ግን ሦስቴ ተመልሶ ሦስቴ ሄደ። በመጨረሻ አንኳኳ።

«ጋሽ ኑርዬ፣ አቃተኝ» አለ።

«አልሐምዱሊላህ!» አሉ ጋሽ ኑርዬ፤ ያን ቀን ጉሮሮም አልጠረጉ።

«እኔ ሲያቅተኝ ነው እንዴ ደስ የሚልዎት?»

«እንዳቃተህማ ጠዋት አይቻለሁ፣ አላህ ዓይኔን አላጨለመው! ደስ ያለኝ ስለነገርከኝ ነው። መንጠቆዬን ግራሶ ቀብቼ ከተቀመጥኩ ሰነበትኩ።»

«ታዲያ ምነው ሳይነግሩኝ?»

«አንተስ ምነው ሳትጠይቀኝ?»

 ሁለቱም ተያይተው ሳቁ።

እሁድ ከምሳ በኋላ አይሱዙ መጣች። እንደ ልማዷ ሰፈሩን አሳለችው፤ መንጠቆ ለመንጠቆ ተያያዙ፤ ያቺን ዳገት ቤቱን ጎትታ ስትወጣት ምንም እንዳልሆነ ያህል ነበር። የቀዩ መኪና በር አሁንም አልተከፈተም፤ ስለዚህ ሴቶቹ ውድነሽን ከሥር ደግፈው፣ መኩሪያ ከላይ ስቦ፣ እንደ ጆንያ አሳለፏት።

«ቀስ በሉ እንጂ! እንደ እንቁላል ያዙኝ አላልኳችሁም?»

«አይ እትዬ፣ እንቁላልማ ይቀላል!» አለ መኩሪያ እየሳቀ።

ከኋላው ወንበር ላይ ቆመች። በአንድ እጇ የፊቱን ወንበር፣ በሌላው ነጠላዋን ይዛለች። ቤቷ ከፊቷ ይሄዳል። ይህን ሁሉ ዘመን ከውስጥ ሆና ዓለምን ስታይ የኖረችበትን ቤት ከውጭ ሆና ሲሄድ አየችው፤ ትንሽ ልጇን ትምህርት ቤት እንደምትሸኝ እናት ልቧ ባር ባር አለ።

ከገበያው በፊት ድልድይ አለ። ጠባብ ነው፤ የቀኙ መከታ ፈርሷል። ጋሽ ኑርዬ አይሱዙዋን በመሃል አስገቡ፤ ለእሳቸው ሁሉም ደህና ነው። ቤቱ ግን ከአይሱዙ ሰፋ ይላል፤ ድልድዩ ላይ እንደወጣ ወደ ቀኝ ማዘንበል ጀመረ። ምድር ላይ ለቆመ ሰው አይታይም። መኪናው ላይ ለቆመችው ውድነሽ ግን የቀኙ ጎማ ከድልድዩ ጠርዝ ሲያልፍ ወለል ብሎ ታያት።

«ኑርዬ! ቁም! ቁም!» ነጠላዋን በሁለት እጇ ዘርግታ እንደ ባንዲራ አውለበለበች። ሚዛኗን ስታ ልትወድቅ ስትል መኩሪያ በአንድ እጁ መሪውን፣ በሌላው ቀሚሷን ያዘ። አይሱዙ ቀጥ አለች።

ጋሽ ኑርዬ ወርደው መጡ። የቤቱ ቀኝ ጎማ ግማሹ ድልድይ ላይ፣ ግማሹ አየር ላይ ነበር። አይተው «ኑ፣ ግፉ!» ብለው ከኋላ የሚከተሉትን ወንዶች ጠሩ። ወንዶቹ ገፍተው፣ አይሱዙ ቀስ ብላ አፈግፍጋ፣ ውድነሽ ከላይ «ወደ ግራ፣ ትንሽ፣ ትንሽ፣ በቃ!» እያለች ቤቱ ተስተካክሎ ተሻገረ።

«ያ ነጠላ ባይኖር...» አሉ ጋሽ ኑርዬ ግንባራቸውን እየጠረጉ።

«ነጠላማ ማን የሌለው አለ! ይሄ መኪና ባይኖር በል» አለች ውድነሽ። መኩሪያ ሰማት። ከዚያ በኋላ መሪውን የያዘበት አያያዝ ተለየ፤ ትከሻው ሰፋ።

ገበያው ሲደርሱ ደግሞ ሌላ ጉድ። ሪባን ያለበት የሙሽራ መኪና ሲያይ እልል የማይል ገበያተኛ የት አለ? ነጋዴው እልል፣ ባጃጁ ጥሩምባ።

«ሙሽራዋ የታለች?»

«ያቺውና ቆማ፣ በነጩ!»

«ሙሽራውስ?»

«ከፊት ከፊቷ እየሄደላት ነዋ፣ ያ ባለጎማው!»

ውድነሽ ተድራ አታውቅም። ወጣትነቷን ካምፕ ለካምፕ ድስት ስታማስል ነው ያሳለፈችው። ያን ቀን ገበያው ሁሉ ሲያጨበጭብላት መጀመሪያ አፈረች፤ ቀጥላ ሳቀች፤ በኋላ ግን እጇን ከፍ አድርጋ እንደ ሙሽራ ሰላም አለቻቸው።

ቤቱ አዲሱ ቦታው ላይ ድንጋይ ተደግፎለት አረፈ። ውድነሽ መስኮቱን ከፈተች፤ ብርጭቆ ከአዲሶቹ ጎረቤቶች ተውሳ ለመጣው ሁሉ ሻይ ቀዳች። ሁሉም ሲይዝ ቆማ እንዲህ አለች፦

«ኑርዬ፣ ቤቴን ስለጎተትክልኝ እግዜር ይስጥልኝ። መኩሪያ፣ ቤቴን ስላልጎተትክልኝ እግዜር ይስጥልኝ።»

ሰዉ ሳቀ። መኩሪያ ግን ብድግ ብሎ ጉልበቷን ሳመ።

እንግዲህ ጣሪያው የሚታጠፍ መኪና ቤት ይጎትታል ወይ ብሎ የሚጠይቅ ካለ፣ አይጎትትም። ይህ ለመኪናው ነውር አይደለም። ለአንዱ መጎተት ተሰጥቶታል፣ ለአንዱ ሰው ከፍ አድርጎ ማሳየት። ነውሩ ባልተሰጠን ስንወጠር የተሰጠንን መስበራችን ነው። ውለታ የምንመልሰውም ለእኛ በሚያስጨበጭብልን ነገር ሳይሆን ለባለ ውለታችን በሚጠቅመው ነው። ተቀባዩም ድርሻ አለው፤ የሚወደንን ሰው «ይህ አይሆንም፣ ያኛውን ስጠኝ» ማለት ምስጋና ቢስነት አይደለም። ይልቅ አውቆ ዝም ማለት ነው ክፉው። አንድ ሰፈር ሙሉ ሰው አይቶ «ገመዱ ነው» ሲል አንድ ቤት ቦይ ሊገባ ነበር።

እስቲ እናንተም ዛሬ ልባችሁን ጠይቁት። አቅሙ የማይችለውን ሸክም ለእናንተ ብሎ የሚጎትት ሰው አጠገባችሁ የለም? እንዳይከፋው ብላችሁ «ገመዱ ነው» እያላችሁት ይሆን?